የተቃጠለው ካርድ፤ የፀሐይ መለኪያዎች ትዝታ በሰሜን ሸዋ

የፀሐይ ብርሃን ሰዓት መዝጋቢ ማለት ድፍን የብርጭቆ ኳስና አንድ ቁራጭ ካርድ ነው። ኳሱ አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ በብረት ቅስት እቅፍ ውስጥ ይቀመጣል። የፀሐይ ጨረር በኳሱ አልፎ ከበስተጀርባው ባለው ካርድ ላይ በአንዲት ነጥብ ይከማችና ካርዱን ያሳርረዋል። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ቃጠሎው ወደ ምሥራቅ ይጓዛል፤ ደመና ሲጋርዳት ይቋረጣል፤ ስትገለጥ ይቀጥላል። መሣሪያው ቀለም አይፈልግም፣ ባትሪ አይፈልግም፣ የሚዞር ሞተርም የለውም። የሚጽፈው የሚለካው ነገር ራሱ ነው።

ማታ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ታዛቢው ካርዱን ያወጣል፣ በጀርባው የጣቢያውን ስምና ቀኑን ይጽፋል፣ የነገውን ይሰካል። ካርዶቹ በየወሩ ታስረው በካርቶን ይከማቻሉ። ዓመታት አልፈው እስሩ ሲፈታ ከአቧራው ጋር የተጠበሰ ወረቀት ሽታ ይወጣል። በደብረ ብርሃን ደጋ ላይ ለኖረ ሰው ይህ ሽታ ብቻውን አይመጣም። በአመዳይ የነጣ ሣር፣ ነጩ የቴርሞሜትር ሳጥን፣ ከጋቢ መውጣት የሚጠሉ እጆች፣ ከጎረቤት ግቢ የሚጤስ ኩበት አብረው ይመጣሉ። አየሩ እያንቀጠቀጠ ፀሐዩ ግንባር የሚያቃጥልበት የኅዳር ረፋድ ይመለሳል። ዛሬ በአውቶማቲክ ጣቢያ ላይ የተተከለው መለኪያ ከዚያ ኳስ እጅግ የበለጠ ያውቃል፤ ግን የሚያስቀረው ቁጥር ብቻ ነው።

ኳሱን መጀመሪያ ለዚህ ሥራ ያዋለው ስኮትላንዳዊው ጆን ፍራንሲስ ካምቤል ሲሆን ዘመኑም 1853 እ.ኤ.አ. ነው። ካምቤል በአገሩ ይበልጥ የሚታወቀው የደጋውን ሕዝብ ተረት ከሽማግሌዎች አፍ እየለቀመ በማሳተሙ ነው፤ የሚጠፋ ነገር መመዝገብ የሚወድ ሰው እንደነበር ሁለቱም ሥራዎቹ ይመሰክራሉ። ኳሱን ያስቀመጠው በእንጨት ጎድጓዳ ውስጥ ነበር፤ ጨረሩ ለስድስት ወር የጎድጓዳውን ግድግዳ እየቦረቦረ ይቆያል። ወቅቱ ፀሐያማ ይሁን ዳመናማ ከጠባሳው ጥልቀት ይታወቃል፤ የአንዱን ቀን ከሌላው ለይቶ ማንበብ ግን አይቻልም። በ1879 የፊዚክስ ሊቁ ጆርጅ ገብርኤል ስቶክስ እንጨቱን በብረት ቅስት ተክቶ፣ በየቀኑ የሚለወጥ ካርድ የሚሰካባቸው ሦስት ቦዮች አበጀለት። መሣሪያው ከዚያ ወዲህ በመሠረቱ አልተለወጠም።

ሦስቱ ቦዮች ለሦስት ዓይነት ካርድ ናቸው፤ ረጅም ጥምዝ፣ ቀጥ ያለ፣ አጭር ጥምዝ። ረጅሙ «የበጋ» ይባላል፤ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ ይሰካል። አጭሩ «የክረምት» ነው፤ ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ የካቲት አጋማሽ አልፎ ይሠራል። ቀጥ ያለው በመካከላቸው ላሉት ሳምንታት ነው። ስያሜው የእንግሊዝን ወቅት የተከተለ በመሆኑ ሰሜን ሸዋ ሲደርስ ይገለበጣል። ረጅሙ «የበጋ» ካርድ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ጠጥቶ፣ አብጦ፣ አንዳንዴም አንዲት ጠባሳ ሳይዝ ይወጣል። አጭሩ «የክረምት» ካርድ በኅዳርና በታኅሣሥ ከጫፍ እስከ ጫፍ አርሮ ይገኛል። የአንድ ዓመት ካርዶችን በተርታ ለደረደረ ሰው የደብረ ብርሃን ዓመት ከነመልኩ ይታየዋል፤ የበልጉ ቁርጥርጥ ቃጠሎ፣ የክረምቱ ባዶነት፣ መስከረም ላይ የሚጀምረው መጥራት፣ ከዚያም የበጋው ያልተበጠሰ ጥቁር መስመር።

ካርድ ማንበብ የእጅ ሙያ ነበር። ያልተቋረጠ ቃጠሎ በማስመሪያ ይለካል፤ የሚነድ ወረቀት ጨረሩ ካረፈበት አልፎ ስለሚስፋፋ ከሁለቱም ጫፍ ጥቂት ይቀነሳል። ነጥብ ነጥብ የሆነ ቃጠሎ ሌላ ሕግ አለው፤ ሁለት ወይም ሦስት ነጥብ እንደ አንድ አሥረኛ ሰዓት፣ ማለትም እንደ 6 ደቂቃ ይቆጠራል፤ ከአራት እስከ ስድስት ነጥብ እንደ 12 ደቂቃ። ከደመና ቀዳዳ ለጥቂት ሰከንድ ብልጭ ያለች ብርቱ ፀሐይ ከሚገባት በላይ ሰፊ ጠባሳ ስለምትተው፣ ይህን ሕግ የማያውቅ አንባቢ የበልግን ቀን ፀሐያማ ያደርገዋል። እርጥብ ካርድ ደግሞ እሺ ብሎ አይወጣም፤ ቅስቱን ሳይነኩ በቢላ ቀስ አድርጎ መቅደድ ያስፈልጋል። በውርጭ ጠዋት ኳሱ በአመዳይ ይሸፈናል፤ ካልተወለወለ የመጀመሪያው ሰዓት ይጠፋል።

ካርዱ በምን ያህል ብርታት መቃጠል እንደሚጀምርም ቁርጥ የለውም። የዓለም የሜትሮሎጂ ድርጅት አንድን ቅጽበት «ፀሐያማ» የሚለው ከፀሐይ በቀጥታ የሚመጣው ጨረር በካሬ ሜትር ከ120 ዋት ሲበልጥ ነው። ደረቅ ካርድ ከዚህ ባነሰ ጨረር ሊቃጠል ይችላል፤ የረጠበው ከእጥፍ በላይ ሊፈልግ ይችላል። ስለዚህ በዝናቡ ወራት የሚወጣ ካርድ ከእውነቱ ያነሰ፣ በደረቁ ወራት የሚወጣው የተሻለ ምስክርነት ይሰጣል።

በካርዱ ላይ የታተሙት የሰዓት መስመሮች የፀሐይን ሰዓት እንጂ የእጅ ሰዓትን አይከተሉም። የኢትዮጵያ ሰዓት የሚቆጠረው በ45ኛው ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ሲሆን ደብረ ብርሃን በ39 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። በዚህ የተነሣ ፀሐይ መካከለ ሰማይ የምትደርሰው በአማካይ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ላይ ነው፤ በጥቅምት መጨረሻ ወደ 6፡06 ትቀድማለች፣ በየካቲት መጀመሪያ እስከ 6፡36 ትዘገያለች። መሣሪያውን የሚተክል ሰው ይህን አስቀድሞ ማስላት ነበረበት፤ ቃጠሎው በዚያ ደቂቃ በቀትሩ መስመር ላይ ካላረፈ የዓመቱ መዝገብ ሁሉ ይዛነፋል።

ከኳሱ በፊት በዚህ አገር ፀሐይ የምትለካው በሰው ቁመትና በእግር ነበር። የጾም ሰዓት የሚጠብቅ መነኩሴ ደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ የጥላውን ጫፍ ምልክት ያደርግና በራሱ ጫማ ይሰፍረዋል፤ በየወሩ ስንት ጫማ ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚናገር ሠንጠረዥ በግእዝ የባሕረ ሐሳብ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። ዘዴው ብልህ ነው፤ ረጅም ሰው ረጅም እግር ስላለው ቁመቱ ልዩነት አያመጣም። በአንኮበርና በደብረ ብርሃን የታኅሣሥ ቀትር ጥላ ወደ ሰሜን ወድቆ አራት ጫማ ያህል ይሆናል። ሚያዝያ 7 አካባቢ ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች፤ ጥላ ከእግር ስር ይገባል። ከዚያ እስከ ነሐሴ 22 ገደማ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ዞሮ ይቆያል። ይህን ለማየት መጽሐፍ አያስፈልግም፤ ሜዳ ላይ ከብት የጠበቀ ልጅ ያውቀዋል።

የፀሐይን ኃይል መለካት ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ መልሱም የተፈለገው አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ነው። ፈረንሳዊው ክሎድ ፑዬ በ1837 እ.ኤ.አ. ፊቱ በጥቁር የተቀባ ውኃ የያዘ ዕቃ ወደ ፀሐይ አዙሮ፣ የውኃው ሙቀት በደቂቃ ምን ያህል እንደሚጨምር በቴርሞሜትር አነበበ። ከዚያ ተነሥቶ ከከባቢ አየር ውጭ ያለው የፀሐይ ኃይል በካሬ ሜትር 1,228 ዋት ገደማ መሆኑን አሰላ፤ ዛሬ በሳተላይት የተረጋገጠው 1,361 ነው። በአንድ ዕቃ ውኃና በአንድ ቴርሞሜትር ይህን ያህል መቅረብ የሚያስደንቅ ነው። አራት ዓመት ቆይቶ በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ሐኪምና የተፈጥሮ ተመራማሪ አስከትሎ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጣ። በ1877 ደግሞ ንጉሥ ምኒልክ በሰጡት መሬት የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ከአንኮበር በታች ልጥ ማረፊያ ላይ የምርምር ጣቢያ አቋቋመ፤ መሪው ኦራዚዮ አንቲኖሪ በ1882 እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ። የስቶክስ ብረት ቅስት ሲሠራ የልጥ ማረፊያ ጣቢያ ሁለት ዓመቱ ነበር። አንኮበር በዚያ ዘመን ከሳይንስ መንገድ የራቀች አልነበረችም።

ልጥ ማረፊያን ጨምሮ የአንኮበር መሬት ለፀሐይ መለኪያ ቀላል ቦታ አይደለም። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከሜዳው ጫፍ ቁልቁል ለሚወርድ ሰው፣ ምሥራቁ እስከ አፋር ዝቅታ ድረስ ክፍት ነው፤ ምዕራቡ በከፍታው ግድግዳ ተዘግቷል። ፀሐይ በማለዳ ያለ ከልካይ ትገባለች፤ ከሰዓት በኋላ ገና ሳትጠልቅ ከተራራው ጀርባ ትሸሸጋለች። ከታች የሚወጣው ጉም ደግሞ አንዱን ጎጥ ሸፍኖ ሌላውን በፀሐይ ይተወዋል። በእንዲህ ያለ ቦታ የተተከለ ኳስ የሰማዩን ብቻ ሳይሆን የገደሉንም ታሪክ ይጽፋል። በደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ያለው አድማስ ግን ከሞላ ጎደል ክፍት ነው።

ኳሱ የሚያውቀው ፀሐይ ስንት ሰዓት እንደታየች ነው፤ ምን ያህል ኃይል እንደሰጠች አያውቅም። በሁለቱ መካከል ድልድይ የዘረጋው ስዊድናዊው አንደርስ ኦንግስትረም ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀመር በኋላ በሌላ ተመራማሪ፣ በፕሬስኮት፣ ተሻሽሎ ዛሬም ይሠራበታል። በአካባቢው የተለካ ቁጥር በሌለበት የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት የሚመክረው እንዲህ ነው፤ ከከባቢ አየር ውጭ ከሚደርሰው ጨረር ሩቡ፣ በዚያም ላይ የታየው ሰዓት ሊታይ ከሚችለው ጋር ተነጻጽሮ የግማሹ ድርሻ ይደመራል። የታኅሣሥ ካርድ 9 ሰዓት ቃጠሎ ካሳየ፣ በደብረ ብርሃን ኬክሮስ የዕለቱ ጨረር በካሬ ሜትር 5.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይወጣል። የሐምሌ ካርድ 3 ሰዓት ካሳየ 3.8 ገደማ ይሆናል። ምንም ያልተቃጠለበት የሐምሌ ካርድ እንኳ 2.6 ያህል ይሰጣል፤ ምክንያቱም ደመና ብርሃንን ይበትናል እንጂ ሁሉንም አይውጥም። ባዶ ካርድ ያየ ሰው ቀኑን ጨለማ ብሎ እንዳይፈርድ ይህ መታወቅ አለበት። ኳሱ ለተበተነው ብርሃን ዕውር ነው።

የተበተነውንም የቀጥታውንም አንድ ላይ ለመመዝገብ የመጣው አክቲኖግራፍ ነው፤ ፈጣሪው ጀርመናዊው ማክስ ሮቢች ይባላል። በብርጭቆ ጉልላት ሥር ጥቁርና ነጭ የተቀቡ ጥምር የብረት ዘንጎች አሉ። ጥቁሩ በፀሐይ ይበልጥ ሞቆ ይታጠፋል፤ የመታጠፉ ልዩነት ብዕር ያንቀሳቅሳል፤ ብዕሩ በሰዓት ሞተር በሚዞር ከበሮ ላይ በተጠቀለለ ወረቀት ይጽፋል። ከመስመሩ ሥር ያለው ስፋት በካሬ ቆጠራ ሲለካ የቀኑ ጨረር ይገኛል። ስሕተቱ እስከ 10 በመቶ ይደርሳል። ቢሆንም የቀኑን ጉዞ በሙሉ፣ እያንዳንዱን ደመና ሲገባና ሲወጣ፣ በአንድ የቀለም መስመር ላይ የሚያሳይ በመሆኑ በብዙ አገር ሲያገለግል ኖሯል። በምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ ገን ቤላኒ የሚባለው የብርጭቆ መለኪያ በሰፊው ተሠርቶበታል፤ ፈሳሹ በፀሐይ ተንኖ በቱቦ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ታዛቢው በቀን አንዴ መጠኑን አንብቦ ይገለብጠዋል።

ዛሬ ሥራው የፓይራኖሜትር ነው። ይህ ጡጫ የሚያህል መሣሪያ በሁለት ተደራራቢ የብርጭቆ ጉልላት ሥር ጥቁር ሰሌዳ አለው። ከሰሌዳው በታች በተርታ የተያያዙ የሁለት ብረት መገጣጠሚያዎች ይገኛሉ፤ ቴርሞፓይል ይባላሉ። ሰሌዳው ከመሣሪያው አካል ይበልጥ ሲሞቅ ትንሽ የኤሌክትሪክ ግፊት ይፈጠራል፤ በካሬ ሜትር ለአንድ ዋት ከሚሊዮን የቮልት ክፍል አሥሩ ያህል። ብርቱ ቀትር ላይ 1,000 ዋት ሲወርድበት ከመሣሪያው የሚወጣው የቮልት አንድ መቶኛ ገደማ ብቻ ነው። ይህን ያህል ደካማ ምልክት የሚያበላሽ ነገር ብዙ ነው፤ ጉልላቱ ላይ ያረፈ አቧራ፣ የወፍ ኩስ፣ ያዘነበለ አቋቋም፣ ውስጡ የገባ እርጥበት። ፀሐይን እየተከተለ ቀጥታ ጨረሯን ብቻ የሚለካው ፓይርሄሊዮሜትር ደግሞ እንደ ቱቦ ጠባብ ዓይን አለው። ሁሉም በየጊዜው ከሚታመን መሣሪያ ጋር መነጻጸር ይኖርባቸዋል፤ የመጨረሻው ዳኛ በስዊዘርላንድ ዳቮስ ከተማ የሚገኘው የዓለም የጨረር ማዕከል ነው፤ የየአገሩ መሣሪያዎች በየአምስት ዓመቱ እዚያ ይወዳደራሉ።

የደብረ ብርሃን ፀሐይ ለምን እንደምታቃጥል በእነዚህ መሣሪያዎች ቋንቋ ሲነገር ቀላል ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው 72 በመቶ ያህል ነው። ጨረሩን የሚበትንና የሚውጥ አየር ከሩብ በላይ ከእግር በታች ቀርቷል ማለት ነው። ያው ቀጭንና ደረቅ አየር ሌሊት ሌላ ሥራ ይሠራል፤ መሬት ወደ ሰማይ የምትለቀውን ሙቀት አይመልስም። ይህን የሌሊት ጨረር የሚለካው ፓይርጂኦሜትር ይባላል። ጥርት ባለ የጥቅምት ወይም የኅዳር ሌሊት የደጋው ሜዳ ያለ ክዳን ይቀዘቅዛል፤ ጠዋት አመዳይ ይነጣል፤ ባቄላውን ውርጭ መትቶት ያድራል። ቀን ፊት የሚያጠቁር ፀሐይ፣ ሌሊት እህል የሚገድል ውርጭ፣ ሁለቱም የአንድ ሰማይ ሥራ ናቸው። ይህች ከተማ ፀሐይዋ እንዲህ ብርቱ ሆና ሳለች በሱፍ ብርድ ልብስ መታወቋ የሚያስገርመው ሌሊቷን ያላደረባትን ሰው ብቻ ነው።

በኳሱ ዘመን የፀሐይ ጉልበት በቤት ውስጥ በሌላ መለኪያ ይታወቅ ነበር። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ኩበት በስንት ቀን እንደሚደርቅ፣ ብቅል ስንት ፀሐይ እንደሚፈልግ፣ የታጠበ ጋቢ እስከ ስንት ሰዓት ካልተሰጣ እርጥቡን እንደሚያድር እናቶች ያውቃሉ። ጠዋት ወደ ምሥራቅ ከሚመለከት ግድግዳ ሥር ተሰልፈው ፀሐይ የሚሞቁ ሽማግሌዎች ንፋሱ የማይደርስበትንና ጨረሩ ቀድሞ የሚገባበትን ጥግ ያለ መሣሪያ መርጠዋል። እነዚህ ዕውቀቶች በካርድ ላይ አልሰፈሩም፤ ከካርዱ ጋር ግን አይጣሉም።

በኢትዮጵያ የሜትሮሎጂ ሥራ ለረጅም ጊዜ በሲቪል አቪዬሽን ሥር ቆይቶ በ1973 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይባላል። ብዙዎቹ ጣቢያዎች ዝናብ ብቻ፣ ሌሎቹ ዝናብና ሙቀት ይለካሉ፤ የፀሐይ ሰዓት መዝጋቢ የሚገኘው ሙሉ ምልከታ በሚደረግባቸው ዋና ዋና ጣቢያዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በተካሄደው የአገሪቱ የኃይል ሀብት ጥናት የተገመተው አማካይ የፀሐይ ጨረር በቀን በካሬ ሜትር 5.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ በሐምሌ ወደ 4.55 ዝቅ ይላል፣ በየካቲትና በመጋቢት ወደ 5.55 ከፍ ይላል። ይህ ቁጥር እስከ ዛሬ በየጥናቱ ይጠቀሳል። ፓይራኖሜትር ብርቅ በነበረበት ጊዜ እንዲህ ላለው ግምት ዋናው መደገፊያ የፀሐይ ሰዓት መዝገብ ነበር፤ ከያንዳንዱ አኃዝ ጀርባ ማታ ማታ ካርድ የቀየረ ሰው አለ።

አሁን ሳተላይት ደመናን ከላይ እያየ ጨረሩን ያሰላል፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የዓለም ባንክ ይፋ ያደረገው የፀሐይ ኃይል አትላስ የየትኛውንም ቦታ ግምት በቅጽበት ይሰጣል። ለሜዳማ አገር ይህ በቂ ሊሆን ይችላል። አንኮበርን በመሰለ ቦታ ግን ሳተላይቱ እንደ አንድ ነጥብ የሚያየው መሬት ደጋውን፣ ገደሉንና ጉሙን ቀላቅሎ ይይዛል፤ ግምቱ ትክክል መሆኑን የሚናገረው መሬት ላይ የቆመ መለኪያ ብቻ ነው። የረጅም ዘመን መዝገብ ያለው ጥቅም ደግሞ በሌላው ዓለም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በዙሪክ የሚሠራው አትሱሙ ኦሙራ የድሮ የጨረር መዝገቦችን ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሲያነጻጽር፣ ወደ ምድር የሚደርሰው ፀሐይ በብዙ ቦታ እየቀነሰ መምጣቱን አገኘ፤ ኋላም በብዙ አካባቢዎች መልሶ መጨመር ጀምሯል። አሮጌው መዝገብ ባይጠበቅ ኖሮ ይህን ማወቅ አይቻልም ነበር።

የሰሜን ሸዋ ካርዶች እንዲህ ላለው ጥያቄ መልስ የሚሰጡት ሦስት ነገር ሲሟላ ነው። ካርዶቹ ፎቶ ተነሥተው በአንድ ዓይነት ሕግ እንደገና መነበብ አለባቸው፤ የወር ድምር ብቻ ከተረፈ የነጥቡና የመስመሩ ልዩነት ጠፍቷል። ኳሱ መቼ እንደተተከለ፣ ወዴት እንደተዛወረ፣ የትኛው ዛፍ ወይም ሕንጻ መቼ እንደጋረደው የሚያስታውሱ ጡረተኛ ታዛቢዎች በሕይወት ሳሉ መጠየቅ አለባቸው። አዲስ ፓይራኖሜትር በሚተከልበት ጣቢያ ኳሱ ወዲያው መነቀል የለበትም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ቢያንስ አንድ ዓመት፣ ቢቻል ሁለት ዓመት ቢሠሩ የድሮው ካርድ በአዲሱ መለኪያ ቋንቋ ሊነበብ ይችላል። ደብረ ብርሃን ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ ሥራው ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ለሚፈልግ ተማሪ የሚበዛ አይደለም። የታሰሩ ካርዶች በእጁ ያሉ ሰው ቦታ ያጣብባሉ ብሎ ከመጣሉ በፊት ለዚህ ተማሪ ያሳውቅ።